ሞክሼ ከተሞች

በ2002 ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ሲድኒን ሊጎበኙ በኢንተርኔት ትኬት ቆርጠው ከሀገራቸው ተነሡ። ያሰቡት አውስትራሊያን ነበር። ያረፉት ግን በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ኖቫ ስኮሺያ በምትባል ክፍለ ሀገር ባለች ሌላ ሲድኒ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነሱ በኋላም በዚያው ስሕተት እዚያው የደረሱ መንገደኞች ዜና ሆነዋል። ወሬውን የሰማ ሁሉ በመንገደኞቹ ስቆ አልፏል፤ ሁለት ከተሞች በዓለም ዳርና ዳር ተቀምጠው እንዴት ሞክሼ ሊሆኑ እንደቻሉ የጠየቀ ግን ብዙ አይመስለኝም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ቶማስ ታውንሸንድ የማዕረግ ስሙ ሎርድ ሲድኒ ነበር፤ የቅኝ ግዛት ጉዳይም የሚታየው በእሱ መሥሪያ ቤት ነው። በ1785 የካናዳውን፣ በ1788 ደግሞ የአውስትራሊያውን ሰፈራ የቆረቆሩት ሹማምንት ለአዲሱ ቦታ የሰጡት ስም የዚህኑ የበላይ አለቃቸውን ነበር። ሎርድ ሲድኒ አውስትራሊያን በዓይኑ ሳያያት ሞተ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። ለሰው ልጅ ስም ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የከተሞችን ታሪክ ገልጦ ለሚያይ ግን መልአኩ አብዛኛውን ጊዜ ሹመት ያለው፣ ካርታ የዘረጋ፣ አንዳንዴም ቦታ ሸንሽኖ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሁለት ሀገሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ከተሞች ሲገጥሙን ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ዝግጁ ነው፦ ከሀገራቸው የወጡ ሰዎች የናፈቁትን የትውልድ ቀያቸውን ስም ይዘው ሄዱ። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ከሚሸፍነው የሚተወው ይበዛል። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፤ የሞክሼ ከተሞች ምስጢር ያለው በስም አውጪው ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ስም የማውጣት ሥልጣን በማን እጅ ነበር? በስሙስ ምን ሊያገኝበት ፈለገ? ከተሞቹ መምሰል አለመምሰላቸው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ለዚህ እንደ ጆን ግሬቭስ ሲምኮ ያለ ምስክር አይገኝም። ሲምኮ አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትገነጠል በተደረገው ጦርነት ለእንግሊዝ ንጉሥ የተዋጋ መኮንን ነው። ጦርነቱ በሽንፈት ካለቀ በኋላ ዛሬ ኦንታሪዮ በምትባለው፣ ያኔ ላይኛው ካናዳ ትባል በነበረችው ምድር የመጀመሪያው ምክትል ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሕልሙም ጎረቤት ያለችው አዲሲቱ ሪፐብሊክ አይታ የምትቀናበት ሁለተኛ እንግሊዝ በዚያ ማቆም ነበር። በ1793 አንድ ወንዝ አየ። የአካባቢው የአኒሺናቤ ሕዝብ ደሽካን ዚቢ፣ የቀንድ ወንዝ፣ ይለዋል፤ ፈረንሳዮች ላ ትራንሽ ይሉት ነበር። ሲምኮ ቴምዝ አለው። ወንዙ ከሌላ ወንዝ የሚገናኝበትን ቦታ ለዋና ከተማነት መረጠና ለንደን አለው። ልብ በሉ፣ ያኔ እዚያ ቦታ ላይ ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ለንደን ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1826፣ ስሙ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዋና ከተማነቱም ሳይሳካ ቀረ። በዚያው በ1793 ሲምኮ ከሐይቁ ዳር ያለውን፣ ቶሮንቶ የሚባለውን ቦታ ደግሞ ዮርክ ብሎ ሰየመው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ቴምዝን፣ ለንደንንና ዮርክን ውቅያኖስ አሻገራቸው ማለት ነው። ናፍቆት ቢኖርበት እንኳ የአንድ ሹም ናፍቆት ነው፤ በዚያ አፈር ላይ የሚያርሱት ሰዎች አልተጠየቁም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ ጭራሽ።

የዮርክ ነገር ራሱን ችሎ ሊነገር የሚገባው ነው። በሰሜን እንግሊዝ ዮርክ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ኒው ዮርክ የእሷ ልጅ ትመስላለች። ነገር ግን ሆላንዳውያን ኒው አምስተርዳም ብለው የቆረቆሩትን ከተማ እንግሊዞች በ1664 ሲይዙ ስሙን የቀየሩት ለንጉሡ ወንድም፣ ለዮርኩ መስፍን ለጄምስ ክብር ነው። የሲምኮ ዮርክ ደግሞ የተሰየመው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጣ ሌላ የዮርክ መስፍን፣ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ልጅ፣ በፍላንደርስ ጦርነት ድል አድርጓል ተብሎ ነው። ሦስት ዮርኮች አሉ፤ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከከተማይቱ ሳይሆን የከተማይቱን ስም በማዕረግ ከተሸከሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው የእናትና የልጅ ዝምድና ያነብበታል። ከስሙ በስተጀርባ ያለው ግን የቤተ መንግሥት እጅ መንሻ ነው።

አሁን ለናፍቆት ጠበቆች የሚገባቸውን ልስጥ። የማሳቹሴትስዋ ቦስተን በ1630 ስትሰየም ከሰፋሪዎቹ መካከል በእንግሊዝ ሊንከንሽር ከምትገኘው ቦስተንና ከአካባቢዋ የመጡ ነበሩ። ቦታው ቀድሞ ሾሙት ይባል ነበር። እዚህ ላይ ናፍቆት አልነበረበትም ብሎ መከራከር ግትርነት ነው። ይሁን እንጂ ከእንግሊዝ ልዩ ልዩ ቀበሌዎች ከመጡት ሁሉ የማን ቀበሌ ስም ከተማ ሆነ? ከመሪዎቹና ከአለቆቹ አንዳንዶቹ የወጡበት ነዋ! በስምንተኛው ዓመት በወንዙ ማዶ የነበረችው ኒውታውን ካምብሪጅ ስትባልም ምክንያቱ ኮሌጅ ስለተመሠረተባትና ከቅኝ ግዛቱ መሪዎችና ቄሶች ብዙዎቹ በእንግሊዙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ስለነበሩ ነው። ናፍቆት ሁሉም ስደተኛ ልብ ውስጥ ይኖራል። በካርታ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዕሩን የያዘው ሰው ናፍቆት ነው።

የናፍቆት መልስ ፈጽሞ የሚሰናከለው ደግሞ አንድም ግሪካዊ ባልሰፈረበት ምድር የግሪክ ከተሞች ሲፈሉ ነው። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የኒው ዮርክ ግዛት ለተዋጉለት ወታደሮች በገንዘብ ፈንታ መሬት ሊሰጣቸው ቃል ገብቶ ነበር። መሬቱ የኦኖንዳጋና የካዩጋ ሕዝቦች ሀገር ነው፤ በ1779 ጆርጅ ዋሽንግተን የላከው ጦር መንደሮቻቸውንና የበቆሎ ማሳቸውን አቃጥሎባቸዋል። ቀያሾች ገቡና ምድሪቱን በካሬ በካሬ ቆራረጧት። ከሃያ ለሚበልጡት ወረዳዎች በ1790 ስም ሲወጣላቸው ዝርዝሩ የአንድ የድሮ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ ይመስል ነበር፦ ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ኦቪድ፣ ሲሴሮ፣ ሮሙለስ፣ ዩሊሲስ። ስሞቹን ያወጣው በመሬት ጉዳይ ቢሮ ተቀምጦ የነበረ፣ የጥንት መጻሕፍት ወዳጅ የሆነ አንድ ጸሐፊ ነው ተብሎ ይታመናል። ዩሊሲስ በተባለው ወረዳ ውስጥ መሬት የነበረው የግዛቱ ዋና ቀያሽ ሲሚዮን ደዊት፣ በዚያ ለበቀለችው መንደር የዩሊሲስን የትውልድ ደሴት ስም፣ ኢታካን፣ ሰጣት። ዛሬ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ከተማ እሷ ናት። በዚያው አካባቢ ጨው የሚፈላባት አንዲት መንደር በ1820 ፖስታ ቤት ስትጠይቅ ኮሪንት ልትባል ነበር፤ በግዛቱ ውስጥ ሌላ ኮሪንት የሚባል ፖስታ ቤት ስለነበር ስሙ ተከለከለና ሲራኪውስ ተባለች፣ በሲሲሊ ባለችው ጥንታዊት ከተማ ስም።

ይህች የፖስታ ቤት ደንብ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ታስረዳለች። ፖስታ ቤት በአንድ ግዛት ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት ስም አይወድም፣ ደብዳቤ ይጠፋበታላ። ማዶ ባለው ግዛት ወይም በሌላ ሀገር ሞክሼ ቢኖር ግን ግድ የለውም። ስለዚህ መንደሮች የጎረቤታቸውን ስም እንዳይወስዱ ሲከለከሉ ዓይናቸውን ወደ ሩቅ ጣሉ፤ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ወደ ግሪክ፣ ወደ ግብፅ። በአሜሪካ ስንት አቴንስ፣ ስንት ሮም፣ ስንት ሊባኖስ እንዳለ የሚገርመው ሰው ከአድናቆቱ ግማሹን ለፖስታ ቤት ቢሰጥ አይከፋም። የቀረውን ለመሬት ነጋዴዎች። አንድሩ ጃክሰን፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የቺካሶ ሕዝብ በምዕራብ ቴነሲ ያለውን ምድሩን በ1818 በውል እንዲለቅ ካደራደሩት አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እሱና ሁለት ሸሪኮቹ በሚሲሲፒ ወንዝ ገደል ላይ ከተማ ቀይሰው ቦታ መሸጥ ጀመሩ፤ ስሙንም ሜምፊስ አሉት። ሚሲሲፒ ዓባይ ነው፣ ይህችም የፈርዖኖች ከተማ ናት ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ካይሮ የምትባል ከተማ በኢሊኖይ ግዛት ተቆረቆረች። የቤት መሥሪያ ቦታ ለሚገዛ ሰው ጭቃማ የወንዝ ዳርን ከመሸጥ ሜምፊስን መሸጥ ይቀላል። አላባማ ውስጥ በ1871 የብረት ማዕድን ያገኙ ባለሀብቶች ገና ምንም ያልተሠራባትን ከተማ በርሚንግሃም ሲሏትም ከእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ ስም ላይ ብድር መውሰዳቸው ነበር። እውነት ለመናገር፣ በርሚንግሃም ብድሩን ከፍላለች፤ የብረት ከተማ ሆናለች። ካይሮ ግን አልቀናትም፤ ዛሬ ነዋሪዎቿ ጥቂት ሺህ እንኳ አይሞሉም።

ስፓኞች በበኩላቸው ስም ሲያጓጉዙ ጦረኝነታቸውን አልደበቁም። ሜክሲኮ ውስጥ ጓዳላሃራ የምትባለው ትልቅ ከተማ በመጨረሻ አሁን ባለችበት ቦታ የተተከለችው በ1542 ሲሆን፣ ስሟ የመጣው የዚያን ምድር ወራሪ ኑኞ ደ ጉስማን ከተወለደባት የስፔን ከተማ ነው። የስፔኗ ጓዳላሃራ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ዐረቦች ስፔንን በገዙበት ዘመን ነው፤ በዐረብኛ የድንጋይ ሸለቆ ማለት ነው። ዐረቦቹ ተባረሩ፣ ስማቸው ግን ቀረ፤ ባባረሯቸው ሰዎች አፍ ተጭኖም አትላንቲክን ተሻገረ። በዚያው በ1542 የዩካታኗ ሜሪዳ ቲሆ በተባለች የማያዎች ከተማ ፍርስራሽ ላይ ተቆረቆረች። ስፓኞቹ የቆሙትን ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻዎች ሲያዩ በሀገራቸው ሜሪዳ ያለው የሮማውያን ፍርስራሽ ትዝ እንዳላቸው ይነገራል፤ ትዝታው ግን ድንጋዩን ነቅለው ቤተ ክርስቲያን ከመሥራት አላገዳቸውም። የስፔኗ ሜሪዳ ራሷ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም ሮማውያን ጡረታ ለወጡ ወታደሮቻቸው የቆረቆሯት ከተማ ናት። ወታደርን በሰው መሬት ማስፈርና ለቦታው አዲስ ስም ማውጣት ከኒው ዮርክ ቀያሾች በፊት ረጅም ታሪክ አለው።

ከሁሉ የካርታጌና ይብሳል። ፊንቄያውያን በዛሬዋ ቱኒዚያ የቆረቆሯት ካርቴጅ ስሟ በቋንቋቸው አዲስ ከተማ ማለት ነበር። የካርቴጅ ጦር አዛዥ ሐስድሩባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ227 ግድም በስፔን ጠረፍ የዛሬዋን ካርታጌና ሲቆረቁር ያንኑ ስም ሰጣት። ሮማውያን ከተማይቱን ሲይዙ ከእናቲቱ ለመለየት አዲሲቱ ካርቴጅ አሏት፤ ሲተረጎም አዲሲቱ አዲስ ከተማ። በ1533 ስፔናዊው ፔድሮ ደ ኤሬዲያ በዛሬዋ ኮሎምቢያ ካላማሪ የሚባል የነባር ሕዝብ መንደር ባለበት ሌላ ካርታጌና ተከለ። እንግዲህ ፊንቄያዊ፣ ሮማዊ፣ ስፔናዊ፣ ሦስት ወራሪ በአንድ ስም ተቀባብለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። ይህ ሁሉ የቅኝ ገዥዎች ታሪክ ነው፤ ማንም ሳይወርራቸው የሩቅ ሀገር ስም የወሰዱ ሕዝቦችስ? ጥያቄው ጠንካራ ነው፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም፣ እኛው ነን። በላስታ፣ ቀድሞ ሮሐ በምትባለው ከተማ ከቋጥኝ በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚወርደው ውኃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታም ቤተ ልሔምም አሉ። ኢየሩሳሌም በ1187 በሰላሐዲን እጅ ከወደቀች ወዲህ ተሳላሚው መንገዱ ስለጠበበበት ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን ወደ ሀገሩ አመጣት የሚል ትርጓሜ አለ፤ የታሪክ ሰዎች ሁሉ ባይስማሙበትም። የደብረ ሲና፣ የደብረ ታቦር፣ የደብረ ዘይት ስሞች ከመጽሐፍ ቅዱስ ተራሮች የተወሰዱ ናቸው። በጋይንት የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም አለች፤ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያም በ1741 የገና ዋዜማ ሞራቪያን የሚባሉ ክርስቲያኖች የሰየሟት ቤተ ልሔም አለች። አንዷ ሌላዋን ሳታውቅ ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ቀድተዋል። ይህ ነገር የክርስቲያን ብቻም አይደለም። የታይላንድ የጥንት መንግሥት መናገሻ አዩትያ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተችው፣ ስሟ በሂንዱዎች ዘንድ ራማ ከተወለደባት ከሕንዷ አዮድያ ነው። ሕንዶች ታይላንድን በጦር አልያዟትም። ሕንድና ፓኪስታን ያሉት ሁለቱ ሃይደራባዶች ደግሞ አንዳቸው ከሌላው አልተቀዱም፤ በ1591 እና በ1768 ሁለት ገዥዎች በየፊናቸው የኢማም አሊን ቅጽል ስም ለከተማቸው ሰጡ።

ታዲያ የሥልጣን ክርክሬ እዚህ ወደቀ? እንደኔ አልወደቀም፤ ሰፋ እንጂ። ስሙን ያመጣው ባዕድ ባይሆንም ስም አውጪው ንጉሥ ነው፣ ወይም በንጉሥ ጥላ ሥር ያለ ቤተ ክህነት። በሸዋ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሃይማኖትን በመንግሥት እጅ አጥብቀው ይዘው በነበሩት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት የተባሉት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው፤ ለአካባቢው ኦሮሞ ነዋሪ ስሙ ከሩቅ ቢሮ እንደ መጣ ሁሉ ይቆጠር ነበር። በሃይማኖት የሚወጣ ስም ከሎርድ ሲድኒ እጅ መንሻ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሰፊው ሕዝብ በልቡ ሊቀበለው ይችላል። በላሊበላ ዮርዳኖስ ዳር ጥምቀትን የሚያከብር ምእመን ስሙ የንጉሥ ፖለቲካ ነው ቢባል ይስቃል፤ መሳቁም ልክ ነው። ሥልጣን ስሙን ይተክላል፤ እምነት ካገኘው ሥር ይሰድዳል። ማንም ካላመነበት ግን ሥልጣኑ ሲሄድ ስሙም ተከትሎ ይሄዳል።

ሌላው ተቃውሞ ቀለል ያለ ነው፦ አጋጣሚስ? አለ፣ ለዚያውም በብዛት። ሦስት ከተማ የሚለው የግሪክ ቃል በሊቢያም በሊባኖስም ትሪፖሊ ሆኖ ቀርቷል፤ በሁለቱም ስፍራ ሦስት ሦስት ከተሞች ስለነበሩ ነው። የሊቢያዎቹ ኦያ፣ ሳብራታና ሌፕቲስ ነበሩ፤ የሊባኖሷን ያቋቋሙት ደግሞ የጢሮስ፣ የሲዶናና የአርዋድ ሰዎች ናቸው። ዐረቦች እንዳይምታታባቸው አንዷን የምዕራብ፣ ሌላዋን የሻም ጠራብሉስ ይሏቸዋል። በኢሉባቦር ጎሬ አለች፤ በኒውዚላንድ ደቡብም ጎር አለች፣ ቶማስ ጎር ብራውን በተባለ እንግሊዛዊ ገዥ ስም። ሐረርና ሐራሬም ዝምድና የላቸውም፤ የዚምባብዌ ዋና ከተማ ስም ከሾና አለቃ ከነሐራዌ የመጣ ነው። የሐራሬ ታሪክ ግን ለክርክሬ ይጠቅማል። እንግሊዞች በ1890 ምሽጉን ሲተክሉ በጠቅላይ ሚኒስትራቸው በሎርድ ሳልስበሪ ስም ሰይመውት ነበር፤ የሰውየው ማዕረግ ደግሞ የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው። ሀገሪቱ ነጻ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1982፣ ሳልስበሪ ሐራሬ ሆነች። በሥልጣን የተገኘው ሞክሼነት በሥልጣን ለውጥ ጠፋ። ሞያሌ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትለያለች፤ ኢትዮጵያና ኬንያ ውስጥ ሁለት ሞያሌ ያለው ስሙ ተጉዞ አይደለም። በ1907 ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች የተስማሙበት ወሰን መጣና በመካከል አለፈ፤ ስሙ ከነሰዎቹ ባለበት ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው አንድ የማንበብ ጥንቃቄ ነው፤ የሁለት ከተሞች ስም አንድ መሆኑ ምንጩ አንድ ነው ማለት አይደለም። የአሌክሳንድሪያን ነገር ተመልከቱ። የግብፅዋ እስክንድርያ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 የቆረቆራት ናት፤ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ስትልክ የኖረች መንበር ስለሆነች ስሟ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ ያለችው፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ግን በ1749 የተሰየመችው የመሬቱ ባለቤት ለነበረው ለአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው፣ ከስኮትላንድ ለመጣ ባለ ርስት። በዮሐንስ ራእይ የምናነባት ፊልድልፍያ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ አላሸሂር የምትባለው፣ ወንድሙን ወዳድ የሚል ቅጽል በነበረው በጴርጋሞን ንጉሥ በአታሎስ ስም የተሰየመች ናት። የዛሬዋ አማንም በጥንት ዘመን ፊላደልፊያ ነበረች፤ ተመሳሳይ ቅጽል በነበረው በግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ 2ኛ ስም። ዊልያም ፔን በ1682 የአሜሪካዋን ፊላደልፊያ ሲሰይም ግን በሃይማኖቱ ምክንያት የታሰረ ኩዌከር ነበርና የፈለገው የስሙን ፍቺ፣ የወንድማማች ፍቅርን ነው። በአውስትራሊያ ያለችው ኒውካስል የድንጋይ ከሰል ስላላት በእንግሊዟ የከሰል ከተማ ተሰየመች። በደቡብ አፍሪካ ያለችው ኒውካስልም የከሰል ከተማ ናት፤ ግን በ1864 ስሟን ያገኘችው ከቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ከኒውካስል መስፍን ነው፣ ከሰሉ በሰፊው መቆፈር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው መገጣጠም የተረት ጸሐፊ ቢፈጥረው ማንም አያምነውም።

የስም አውጪው ሥልጣን ገደብ እንዳለውም ሲምኮ ራሱ ምስክር ነው። የእሱ ዮርክ አርባ ዓመት ያህል ኖረች። ነዋሪዎቿ ግን ስሙ ተመቻቸው ማለት አይቻልም፤ ከኒው ዮርክ ጋር ትምታታባቸዋለች፣ በአካባቢውም ሌሎች ዮርኮች ሞልተዋል፣ ትንሿ ዮርክ የሚለው አጠራርም ያናድዳቸው ነበር። በ1834 ከተማይቱ የራሷን ምክር ቤት ስታቋቁም ወደ ቶሮንቶ ተመለሰች። በዚያው በኦንታሪዮ የጀርመን ሰፋሪዎች የበዙባት በርሊን የምትባል ከተማ ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ ስሙ የጠላት ስም ነው ተብሎ በጠባብ ድምፅ ተሻረና በዚያው ሰሞን በባሕር በሞተው በእንግሊዙ የጦር ሚኒስትር ስም ኪችነር ተባለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ማንም በርሊንን አልመለሰም። አዳማ ደግሞ በተቃራኒው ነች። ናዝሬት የሚለው ስም በ2000 በይፋ ቀርቶ የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል፤ ቢሾፍቱም እንዲሁ። በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በመንገድ ምልክት አዳማ ናት። ኦሮሞው ድሮም ቢሆን አዳማ ማለቱን አልተወም ነበር፤ ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመላለሰው ሰው ግን በሩብ ክፍለ ዘመን ውስጥ ናዝሬት ማለቱን አልተወም፣ ሁለቱ ሰዎችም በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ አንድ ቦታ ይሄዳሉ።